«ኦን ና ፓ ፊኒ»፦ ጨርሰናል ወይስ አልጨረስንም?

ባለፈው ሴሚስተር በተጨማሪነት የወሰድኩት የፈረንሳይኛ ኮርስ ላይ ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መምህራችን ሰሌዳውን እያጠፉ «ኦን ና ፓ ፊኒ» አሉ። እኔ «ፊኒ» የምትለዋን ቃል ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ስለማውቃት «ጨርሰናል» አሉ ብዬ ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። የምቀመጠው በሩ አጠገብ ስለሆነ ማንም ልብ ያለኝ አልመሰለኝም። ለካ በቀረችው አሥር ደቂቃ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ከአሥር የሚታረም ዲክቴሽን እንዳለ ተናግረው ኖሯል። ሳልዘጋጅ ገብቼ ሦስት አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያቺ ሦስት ስላንገበገበችኝ ነው።

መምህራችን ያሉት «አልጨረስንም» ነበር። እኛ በአንድ ቃል የምንጨርሰውን ፈረንሳይኛ ሲጽፈው አምስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ኦን፣ ን፣ አ፣ ፓ፣ ፊኒ።

«ኦን» ባለቤቱ ነው። የመጣው «ሰው» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ እኛም «ሰው ምን ይላል?» ስንል አንድን ሰው ለይተን እንደማንጠራ ሁሉ እሱም በተለይ ማንንም አይጠራም። በዛሬው ንግግር ግን አብዛኛውን ጊዜ «እኛ» ለማለት ያገለግላል። የሚገርመው ትርጉሙ «እኛ» ቢሆንም ግሱ የሚረባው ለ«እሱ» ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የመጣው «አ»፣ «አቭዋር» ከሚባለው ረዳት ግስ፣ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቆሟል። «ፊኒ» ደግሞ «ፊኒር»፣ ማለትም «መጨረስ»፣ ከረዳት ግሱ ጋር ሆኖ ያለፈን ድርጊት ሲያሳይ የሚይዘው ቅርጽ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እንምጣ። አፍራሾቹ «ን» እና «ፓ» ናቸው፤ ረዳት ግሱን ከፊትና ከኋላ ያቅፉታል። ይህ ለኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። «አልጨረስንም» ስንል እኮ «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ሆነው «ጨረስን»ን አቅፈዋል! ልዩነቱ ከሁለቱ አንዱ ሲወድቅ ነው የሚታየው። «ስላልጨረስን» ስንል «ም» ትወድቃለች፣ «አል» ግን አይነቃነቅም። በፈረንሳይኛ ንግግር ግን የሚወድቀው የፊተኛው ነው፤ ጭነቱን ብቻውን የሚሸከመው «ፓ» ነው። «ፓ» በመሠረቱ «እርምጃ» ማለት ነበር፤ «አንድ እርምጃ እንኳ አልሄድም» ከሚል ዓይነት አነጋገር ተነሥቶ ቀስ በቀስ አፍራሽ ቃል ሆነ። እንግዲህ አማርኛ የለመደ ጆሮ አፍራሹን ከፊት ይጠብቃል፤ ከፊት ካጣው «አዎንታ ነው» ብሎ ይደመድማል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «ኦን» ከአናባቢ ፊት ሲመጣ የራሱን «ን» ለሚቀጥለው ቃል ማውረሱ ነው። «ጨርሰናል» ሲባል «ኦን ና ፊኒ»፣ «አልጨረስንም» ሲባል «ኦን ና ፓ ፊኒ» ይሆናል። አያችሁ? «ና» ድረስ አንድ ናቸው። በወረቀት ላይ አፍራሿ «ን» በአፖስትሮፍ ተንጠልጥላ ትታያለች፤ በጆሮ ግን የለችም። በ«ኦን» ፋንታ «ኑ» (እኛ) ቢሉ ኖሮ አዎንታው «ኑ ዛቮን ፊኒ»፣ አሉታው «ኑ ናቮን ፓ ፊኒ» ስለሚሆን «ዛ» እና «ና» ያስጠነቅቁኝ ነበር።

የፈረንሳይኛን ትንንሽ ቃላት መዋጥ በእኔ አልተጀመረም። የባቡር ሐዲዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ «ላ ጋር» (ጣቢያው) የተባለውን «ለገሃር» ብለን መስተአምሩን ከነስሙ አንድ ላይ ወሰድነው። እዚያ ግን ማንም ዲክቴሽን አልወደቀም።

ለጋዜጠኝነት ተማሪ ነገሩ ከዲክቴሽን ያልፋል። ፈረንሳይኛ ከአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስብሰባ በር ላይ መቅረጫ ይዞ የሚቆም ዘጋቢ አንድ ቀን ይገጥመዋል። አንድ ዲፕሎማት እየተራመደ «ኦን ና ፓ ሲኜ» ቢል አልተፈራረሙም ማለት ነው። ከመሐል «ፓ» ካመለጠችን ስምምነቱ በዜናችን ላይ ተፈርሞ ያድራል። በዜና አጻጻፍ ክፍል ስለ ስምና ስለ ቁጥር ደጋግመን እንመከራለን፤ ስለዚህች ቃል ግን እስካሁን የመከረኝ የለም።

አሁን «ኦን ና» ስሰማ እስክሪብቶዬን አላስቀምጥም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። «ፓ» ከሆነ አላለቀም። «ሪየን» ከሆነ ምንም አልተጨረሰም። ባለፈው ሳምንት መምህራችን ሰዓታቸውን አይተው «ኦን ና ፕሬስክ ፊኒ» አሉ። «ፓ» የለችም፤ ስለዚህ ቦርሳዬን አነሣሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እጅጌዬን ይዛ «‹ፕሬስክ› ማለት እኮ ‹ሊጠናቀቅ ነው› ማለት ነው» አለችኝ። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።