ዓሣ በድንጋይ ውስጥ

ከእናንተ አንዱ የዛጎል ቅርጽ ያለበት ድንጋይ አምጥቶ ነበር። ከየት እንዳነሣው ስለ ረሳ ግን ዕድሜውን ልንነግረው አልቻልንም። የዛሬው ትምህርታችን ምክንያቱን ያስረዳል።

ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ብዙው የኢትዮጵያና የሶማሌላንድ ምድር በባሕር ተሸፍኖ ነበር። በዓባይ ሸለቆና ከበርበራ በስተ ደቡብ በቢሄንዱላ የሚታየው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። ባሕሩ ከዓባይ አካባቢ ሲሸሽ ወንዞች ጭቃ አመጡ። ጭቃውም ድንጋይ ሆነ። በጀማ ሸለቆ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሌፒዶቴስ የተባለው ዓሣ ቅሪት መገኘቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ሌፒዶቴስ እንደ ቆሮሶ ክንፉ በአጥንት ዘንጎች የተወጠረ ዓሣ ነበር። ቅርፊቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱም ድቡልቡልና ጠንካራ ነበር። ሥጋው ሲበሰብስ እነዚህ ቀሩ። ዘሩ ጠፍቷል፤ የሩቅ ዘመዶቹ ግን በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ዛሬም ይኖራሉ።

የድንጋዩ ዕድሜ የሚታወቀው ከተኛበት ንብርብር ነው። ስለዚህ ስታገኙ አትስበሩት፣ አትሽጡት፤ ቦታውን ጻፉና ለመምህራችሁ አሳዩ።

ጥያቄ፦ ከዓሣው አካል ቅርፊትና ጥርስ የቀሩት ለምንድን ነው?