«አስፈላጊ» እና «ተፈላጊ»፦ የነገ ከፍተኛ ተከፋይ ሙያዎችን ለመለየት የሚረዱ መለኪያዎች

አኅጽሮት

ወደፊት ከፍተኛ ደመወዝ ያስገኛሉ የሚባሉ ሙያዎች ዝርዝር በየጊዜው ይወጣል፤ ተማሪዎችና ወላጆችም የትምህርት ክፍል ሲመርጡ ይመሩበታል። ይህ አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን፣ ማለትም የዕድገት ፍጥነትን፣ የሥራ ቦታ ብዛትንና የክፍያ መጠንን እንደሚያደባልቁ ያሳያል። ከአሜሪካና ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ምሳሌዎችን በማነጻጸርም አንድ ሙያ ለኅብረተሰቡ አስፈላጊ መሆኑ በገበያ ተፈላጊ እንደማያደርገው፣ ተፈላጊ መሆኑም ብቻውን ከፍተኛ ክፍያ እንደማያስገኝለት ይከራከራል። በመጨረሻም የሙያ ምርጫ ሊመዘንባቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎችን ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የሥራ ገበያ፣ የሙያ ምርጫ፣ የሙያ ፈቃድ፣ አቅርቦትና ፍላጎት፣ ከፍተኛ ትምህርት

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የትምህርት ክፍል ምርጫ አንድ ጊዜ ተደርጎ ለብዙ ዓመታት የሚያስከትል ውሳኔ ነው። አንድ ተማሪ ከገባበት ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላ መዛወር ይከብደዋል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚወስደው ትምህርት ደግሞ የቤተሰብን ጥሪት ይጠይቃል። ስለዚህ «የነገ ሙያ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጉጉት ያለፈ የኑሮ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን የሚጠይቁት ቤተሰቦች ብቻ አይደሉም። መንግሥትም በ2000 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ከመቶ 70 ያህሉ በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደቡ የሚያደርገውን ፖሊሲ ሲያወጣ፣ መነሻው አገሪቱ ወደፊት የሚያስፈልጓትን ሙያዎች አስቀድሞ መገመት ነበር። ግምቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋት ነበር። ሆኖም በቀጣዮቹ ዓመታት በርካታ የምህንድስና ተመራቂዎች በሙያቸው ሥራ አጥተው ወደ ሌላ መስክ መሄዳቸው የአደባባይ ምስጢር ነው። ይህ ለምን ሆነ የሚለውን ለመረዳት በዕለት ተዕለት ንግግር እየተቀላቀሉ የሚነገሩ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል።

2. የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ

«አስፈላጊ» እና «ተፈላጊ» የተባሉት ቃላት ከአንድ ግሥ የወጡ ቢሆኑም የሚገልጹት ነገር አንድ አይደለም። አስፈላጊ ማለት ቢጎድል ጉዳት የሚያስከትል ነው። ተፈላጊ ማለት ደግሞ ዋጋ ከፍሎ ሊወስደው የተዘጋጀ ፈላጊ ያለው ነው። በምጣኔ ሀብት ሳይንስ ፍላጎት የሚባለው ከመክፈል አቅም ጋር የተጣመረው ሁለተኛው ነው። በአንድ ወረዳ አሥር ሐኪሞች ቢያስፈልጉና የወረዳው በጀት ሁለት ብቻ ለመቅጠር የሚበቃ ቢሆን፣ አስፈላጊዎቹ አሥር፣ ተፈላጊዎቹ ግን ሁለት ናቸው።

ተፈላጊነትና ክፍያም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሰጠው የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2033 ላለው ጊዜ ያወጣው ትንበያ ነው። በትንበያው መሠረት በመቶኛ ሲሰላ በፍጥነት የሚያድገው ሙያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ቴክኒሻንነት ሲሆን ዕድገቱ 60 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ መነሻው ትንሽ በመሆኑ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚጨመሩት የሥራ ቦታዎች በመላ አሜሪካ ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ብቻ ናቸው። በአንጻሩ የአረጋውያንና የሕሙማን የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች ዕድገት 21 በመቶ ቢሆንም የሚፈጠሩት ቦታዎች ከ800 ሺህ ይበልጣሉ። ነገር ግን የዚህ ሥራ መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ34 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባሉት በማስተርስ ደረጃ የሠለጠኑ ነርሶች ደግሞ 46 በመቶ ዕድገት ሲጠበቅላቸው መካከለኛ ክፍያቸው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር።

የእንክብካቤ ሠራተኛውና የነርስ ፕራክቲሽነሩ ተፈላጊነት ከአንድ ምንጭ፣ ይኸውም ከኅብረተሰቡ በዕድሜ መግፋት የሚቀዳ ነው። በክፍያ በአራት እጥፍ ገደማ የተለያዩት በመግቢያው በር ስፋት ነው። ወደ መጀመሪያው ሥራ በሳምንታት ሥልጠና መግባት ይቻላል፤ ሁለተኛው የነርስነት ፈቃድን፣ የማስተርስ ዲግሪንና የብቃት ማረጋገጫ ፈተናን ይጠይቃል። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በእንክብካቤ ሥራ እየኖሩ ጎን ለጎን የነርስነት ትምህርት መከታተላቸው ይህን ልዩነት በተግባር ከመረዳት የመነጨ ነው።

የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ያወጣው የሥራ ወደፊት ሪፖርትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። እስከ 2030 ድረስ በመቶኛ በፍጥነት ያድጋሉ ከተባሉት መካከል የግዙፍ መረጃ፣ የፋይናንስ ቴክኖሎጂና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያዎች ይገኛሉ። በቁጥር ብዛት ዝርዝሩን የሚመሩት ግን የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። ሁለቱም «ተፈላጊ» ተብለዋል፤ አንባቢው የትኛው መለኪያ እንደተሠራበት ካላስተዋለ ከአንዱ ሪፖርት ሁለት ተቃራኒ ምክሮችን ሊወስድ ይችላል።

3. አስፈላጊ ሆኖ በቂ ከፋይ ያላገኘ ሙያ፦ ሕክምና

በኢትዮጵያ ለረዥም ጊዜ ሐኪም የሚያሠለጥኑት በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ የነበሩት ሦስት ተቋማት ብቻ ነበሩ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨመረ። የጭማሪው ምክንያት ትክክለኛ ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅት የዘላቂ ልማት ግቦችን ለማሳካት ለ1,000 ሕዝብ 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች እንደሚያስፈልጉ ያስቀመጠ ሲሆን ኢትዮጵያ ከዚህ መለኪያ በእጅጉ በታች ናት።

ሆኖም የተመራቂው ቁጥር ሲያድግ የቅጥር በጀቱ በዚያው መጠን አላደገም። ከዚህም የተነሣ የሐኪም እጥረት ባለበት አገር አዳዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ቅጥር ሲጠባበቁ ታዩ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በርካታ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከማቆም ደረሱ። ይህ የሆነው ሙያው አላስፈላጊ ስለሆነ አይደለም። ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት በመሆኑ ክፍያውን የሚወስነው የእጥረቱ ጥልቀት ሳይሆን የበጀቱ ጣሪያ ነው።

በሕክምና ውስጥም ቢሆን ልዩነት አለ። ከጠቅላላ ሐኪምነት ቀጥሎ ተጨማሪ የዓመታት ሥልጠና የወሰደ ስፔሻሊስት በግል ሆስፒታሎችም ስለሚፈለግ የመደራደር አቅሙ ይሰፋል። የአብራሪ ሙያም ይህንኑ ያጠናክራል። የአብራሪነት ሥልጠና ውድ ነው፤ የፈቃዱ መመዘኛዎች ዓለም አቀፍ በመሆናቸውም ልምድ ያካበተ አብራሪ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሉ አየር መንገዶች ጭምር ይፈለጋል። ስለዚህ ክፍያውን አንድ ቀጣሪ ብቻውን ሊወስን አይችልም። የቀጣሪዎች ቁጥር እንደ ሙያው ክብደት ሁሉ ክፍያን ይወስናል ማለት ነው።

4. ሕግ የሚፈጥረው ተፈላጊነት

አንዳንድ ሙያዎች ከፋይ የሚያገኙት ሕግ ስለሚያስገድድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ ግዴታ ጣለ። ከዚያ በፊት በደረጃዎቹ የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩ ለድርጅቶች ጥሩ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአዋጁ በኋላ ግን የግድ ሆነ። ኤሲሲኤ በሚል ምኅጻር የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ለማግኘት እስከ 13 የሚደርሱ ፈተናዎችን ማለፍና የ36 ወራት የሥራ ልምድ ማሳየት ያስፈልጋል። ከአዋጁ ግዴታ ጋር የማረጋገጫው መንገድ ረዥምነት ሲጨመር፣ ከተራው የሒሳብ ምሩቅ የተለየ ዋጋ ያለው ባለሙያ ይፈጠራል።

በአሁኑ ጊዜ ተመሳሳይ ሁኔታ በሌሎች መስኮች እየተፈጠረ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። እነዚህ ሕጎች በተግባር ላይ በዋሉ መጠን የመረጃ ጥበቃ፣ የሥጋት አስተዳደር፣ የሕግ ተገዢነትና የኢንቨስትመንት ትንተና ባለሙያዎች ተፈላጊነት እንደሚጨምር መጠበቅ ይቻላል።

የሳይበር ደህንነት ሙያ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የገንዘብ ዝውውር ከወረቀት ወደ ስልክ እየተሻገረ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ያጋጠመ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡ አስችሏቸው እንደነበር ይታወሳል። በአንድ ሌሊት ሊጠፋ የሚችለው የገንዘብ መጠን ጥፋቱን ለሚከላከለው ባለሙያ የሚከፈለውን ደመወዝ ትንሽ ያስመስለዋል። የድርጅቱ የመክፈል ፈቃድ የሚመነጨው ከዚህ ስሌት ነው።

5. ተፈላጊ ሆኖ ቶሎ የሚሞላ ሙያ

አንድ ሙያ ዛሬ ከፍተኛ ክፍያ ማስገኘቱ ነገም እንደዚያው ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ወጣቶችን በድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ በሞባይል መተግበሪያ፣ በዳታ ሳይንስና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት በነፃ ለማሠልጠን ያለመ ነው። የመርሐ ግብሩ ጠቃሚነት አያጠያይቅም። ሆኖም ሚሊዮኖች የሚያገኙት መሠረታዊ ዕውቀት እንደ ማንበብና መጻፍ ሁሉም የሚጠበቅበት መነሻ ይሆናል እንጂ ብቻውን ለከፍተኛ ደመወዝ አያበቃም። በዚያ ላይ ቀላል ኮድ መጻፍን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች እየተጋሩት ነው። ክፍያው የሚቆየው ሥርዓቱን ለሚነድፍ፣ ስሕተቱን ለሚያርምና የባንኩን፣ የሆስፒታሉን ወይም የእርሻውን አሠራር ከቴክኖሎጂው ጋር አጣምሮ ለሚያውቅ ሰው ነው።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጥገናም በተመሳሳይ መንገድ ሊታይ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የባትሪና የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥርዓት የሚያውቁ ጥቂት ባለሙያዎችን በአንድ ጊዜ ተፈላጊ አድርጓል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግን ተራውን ጥገና በአጭር ጊዜ ሊያሠለጥኑ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ትርፍ የጊዜ ትርፍ ነው፤ የሚዘልቀው ወደ ባትሪ ምርመራና እድሳት ለዘለቀው ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚስፋፋበት ዘመን ሌላው መለያ ፊርማ ነው። የኦዲት ሪፖርት፣ የሕንፃ ንድፍና የሕክምና ማዘዣ በሕግ ተጠያቂ የሆነ ሰው ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። መሣሪያው ረቂቁን ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ስሕተት ቢገኝ ግን የሚጠየቀው የፈረመው ባለሙያ ነው። ተጠያቂነት የማይተላለፍባቸው ሙያዎች በመሣሪያ የመተካት ዕድላቸው ዝቅተኛ ነው።

6. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ከላይ ከቀረቡት ምሳሌዎች ለሙያ ምርጫ የሚያገለግሉ አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሙያውን ከፍሎ የሚወስድ አካል አለ ወይስ የሚፈልገው ብቻ ነው ያለው? ሁለተኛ፣ ወደ ሙያው መግባት ምን ያህል ዓመትና ምን ዓይነት ፈቃድ ይጠይቃል? ሦስተኛ፣ ቀጣሪው አንድ ነው ወይስ ብዙ? አራተኛ፣ በሥራው መጨረሻ ላይ የሚፈርመውና የሚጠየቀው ማን ነው? ለአራቱም በጎ መልስ ያለው ሙያ ስሙ በዝርዝሮች ላይ ባይወጣ እንኳ የመዝለቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ በጎ መልስ ያለው ሙያ ደግሞ ዛሬ ቢሞቅም ነገ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ይህ ማለት ግን አስፈላጊ ሆኖ ተመጣጣኝ ክፍያ ያላገኘ ሙያ ይተው ማለት አይደለም። ሐኪምና መምህር የሌለው አገር ኦዲተሩም ፕሮግራመሩም አይጸኑበትም። በአስፈላጊና በተፈላጊ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ግን ለአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የሚተው ሸክም አይደለም፤ በደመወዝ፣ በመኖሪያ ቤትና በተጨማሪ ሥልጠና ዕድል ሊሞላው የሚገባው የመንግሥት ፖሊሲ ነው። ወጣቱ ከሚመርጥበት ጊዜ በፊት ክፍተቱ መኖሩን ማወቅ ግን መብቱ ነው።

ለዚህም ዩኒቨርሲቲዎች ቀጥተኛ አስተዋጽኦ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የፈተና ውጤት ተማሪው ምን እንደተማረ ያሳያል እንጂ የተማረው ምን እንዳስገኘለት አያሳይም። በየትምህርት ክፍሉ ተመራቂዎች ሥራ ለማግኘት ስንት ወር እንደፈጀባቸው፣ በሙያቸው ተቀጥረው እንደሆነና በምን የደመወዝ እርከን እንደጀመሩ የሚያሳይ መረጃ በየዓመቱ ተሰብስቦ ከምደባ በፊት ለአዲስ ገቢዎች ቢቀርብ፣ ተማሪዎች ለሌላ አገር ገበያ ከተዘጋጁ ዝርዝሮች ይልቅ በራሳቸው አገር ገበያ ላይ ተመሥርተው መምረጥ ይችላሉ።