ሲጋራ መስሎ በቅሎ ኮከብ ሆኖ የሚከፈት እንጉዳይ

እንጉዳይ ሲባል ለብዙዎቻችን በሐሳባችን የሚመጣው በክረምት ዝናብ ማግሥት በግጦሽ መስክ ወይም በምስጥ ኩይሳ ላይ ብቅ ብሎ የምናገኘው፣ ነጭ ጃንጥላ የሚመስለው ነው። እኔም እንጉዳይ ሁሉ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የሳይንስ አስተማሪያችን «ከተፈጥሮ አንድ ነገር ምረጡና ያላየው ሰው ቢያገኘው እንዲለየው አድርጋችሁ፣ ያለ ሥዕል በጽሑፍ ብቻ ግለጹት» የሚል የቤት ሥራ ሰጡን። መጻሕፍት ሳገላብጥ ጃንጥላ የሌለው አንድ ብርቅ እንጉዳይ አገኘሁ። የሳይንስ ስሙም ኮሪዮአክቲስ ጌአስተር ይባላል።

ይህ እንጉዳይ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት ከኦስቲን ከተማ ተለቅሞ፣ ቻርልስ ፔክ በተባለ የእንጉዳይ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ተገለጸ። ከዚያ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት ተገኘ። በሁለቱ አገሮች መካከል ከ10,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀትና ታላቅ ውቅያኖስ አለ።

አሁን ወደ መልኩ እንመለስ። ሳይከፈት ሲታይ ቁመቱ ከ4 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም እስከ 3.5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ላዩን ቢዳስሱት እንደ ከፋይ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ ይህም ደቃቃን ቡናማ ፀጉሮች ስለ ሸፈኑት ነው። ውስጡ ባዶ ነው። ከሥሩ ያለው እግር ወደ አፈር ገብቶ የሞተ የዛፍ ሥር ላይ ይጣበቃል፤ የዛፉ ሥር ጠልቆ እንደሆነ እግሩም ይረዝማል፤ ቅርብ እንደሆነም ያጥራል። በጠቅላላው መሬት ላይ የተተከለ ወፍራም ሲጋራ ይመስላል።

እኔም ይህን ሁሉ አስተካክዬ ጽፌ ለአስተማሪያችን ሰጠሁ። እርሳቸውም አንብበው፣ «የጻፍከው ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የጻፍከው። ይህን ይዞ የሄደ ሰው እንጉዳዩ ከተከፈተ በኋላ ቢያገኘው አያውቀውም» ብለው መለሱልኝ። አፈርኩ፤ እንደገናም ማንበብ ጀመርኩ።

በእርግጥም እንጉዳዩ በደረሰ ጊዜ ከጫፉ ጀምሮ ይሰነጠቅና ከ4 እስከ 7 በሚሆኑ ክንፎች ተከፍሎ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ሲጋራው ጠፍቶ በምድር ላይ የተዘረጋ ኮከብ ይታያል። የውስጡ ገጽ እንደ ውጩ ጥቁር አይደለም፤ መጀመሪያ ነጣ ያለ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ይቆይና ሲያረጅ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ይህ የውስጥ ገጽ በዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ከረጢቶች የተሸፈነ ነው፤ በየከረጢቱም ውስጥ እንደ ዘር የሚያገለግሉ ስፖር የሚባሉ ደቃቃን ብናኞች አሉ። የአንዱ ብናኝ ርዝመት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከረጢቶቹ በግፊት ሲፈነዱ ብናኙ እንደ ጢስ ቦግ ብሎ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም እስስ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ዝግ ሆኖ ያየው ሰው «የሰይጣን ሲጋራ» ብሎ ሲጠራው፣ ተከፍቶ ያየው ግን «የቴክሳስ ኮከብ» ይለዋል። ጃፓኖችም ኪሪ የተባለውን ዛፍ ፍሬ ስለሚመስል «ኪሪኖሚታኬ» ይሉታል። አንዱ ፍጥረት ሦስት ስም ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ እንጉዳይ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው እንደ ተክል ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን አይሠራም፤ ከሞተ እንጨት ይመገባል። በቴክሳስ አብዛኛውን ጊዜ ሴዳር ኤልም በሚባል ዛፍ ጉቶና ሥር ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወራት ይበቅላል። በጃፓን ግን የሚገኘው በሞተ የኦክ ዛፍ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ያስረዳው ነው። ሊቃውንት የቴክሳሱንና የጃፓኑን ዘር ውርስ በዲኤንኤ ቢያመዛዝኑ፣ ለዓይን አንድ የሚመስሉት እነዚህ ወገኖች ከተለያዩ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናቸው አገኙ። እንግዲህ ሲጋራውና ኮከቡ የተለያዩ መስለው አንድ ናቸው፤ የቴክሳሱና የጃፓኑ ደግሞ አንድ መስለው እጅግ የተራራቁ ናቸው። ዓይን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ቢፈርድ በሁለቱም ይሳሳታል።

ቴክሳስ በ2021 ዓ.ም. ይህን እንጉዳይ የግዛቷ መለያ እንጉዳይ አድርጋ በይፋ መርጣዋለች። ሆኖም ክብር ብቻውን አያኖረውም። «ይህ የበሰበሰ ጉቶ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ተነቅሎ ቢቃጠል፣ እንጉዳዩም ከነምግቡ አብሮ ይጠፋል። ለእኛ ቆሻሻ የሚመስለን ጉቶ ለእርሱ ቤቱም ጎተራውም ነውና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛም በልጅነታችን በመንገድ ያገኘነውን እንጉዳይ በእግራችን እየመታን አልፈናል። በሚመጣው ክረምት ግን እንዲህ እንዳናደርግ አደራ እላለሁ። ዓይነቱን ሳናውቅ ወደ አፋችን ከማስገባት እንጠንቀቅ፤ ማስመሪያና ደብተር ይዘን ግን ቁመቱን እንለካ፣ ቀለሙን እንጻፍ፣ በምን ላይ እንደበቀለ እንመልከት። በማግሥቱም ተመልሰን እንየው፤ ትናንት የጻፍነው ግማሹን ብቻ ሊሆን ይችላልና።