ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የሚቀርበው መጠጥ ምን ይሁን?

እናቶች ሆይ፤ አባቶችም፤

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ሳንሱሲ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ሲፈታ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። እኛ የጤና ሠራተኞች ግን በዚያ ሰፈር ከቤት ወደ ቤት ስንዞር ሐሳብ የሌለበት ቤት አላገኘንም።

አንድ ቀን ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ልጆቿን ከምታሳድግ እናት ቤት ገባን። እናቲቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጠላው መድረሱን ለማወቅ በጣሳ ቀድታ ትቀምሳለች። ሁለት ዓመት የሆነው ልጇም ጥግ ቁጭ ብሎ ቅራሪ ይጠጣል። እኛም ደንግጠን፣ «እትዬ፣ ይኸን ሥራ ይተዉት እንጂ!» አልናት። እርሷም ቀና ብላ አየችንና፣ «ወንድሞቼ፣ ጋኑን ብሰብረው የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? የልጆቼንስ ደብተር ማን ይገዛል?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። እውነቷን ነው እኮ! ስለዚህ በሌላ ቀን ተመልሰን ሄድንና፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ ዛሬውኑ ሊለወጥ የሚችለውን ነገር አብረናት ቁጭ ብለን ቈጠርን። ይህች ጽሑፍ ያን የቈጠርነውን የያዘች ናት።

አልኮል ለነፍሰ ጡር ለምን አይሆንም?

ጠላ ሲጠመቅ ከብቅሉና ከእህሉ የሚወጣውን ስኳር እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል ነው። ጠጅ ከዚህ ይበረታል። አረቄ ግን እንፋሎቱ ተጠራቅሞ የሚወጣ ስለ ሆነ ከመቶ 40 እጅ ገደማ ሊደርስ ይችላል።

እናት የጠጣችው አልኮል ወደ ደሟ ይገባል፤ ከደሟም በእትብት በኩል ወደ ጽንሱ ይደርሳል። የእርሷ ጉበት አልኮሉን ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። የጽንሱ ጉበት ግን ገና ስላልጠና ይኸን ሥራ አይችልም። ስለዚህ ፅንስ ማስወረድ፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ መውለድ፣ ከዚያም የባሰ ዕድሜ ልክ የሚቈይ የአእምሮ ጉዳት ሊመጣ ይችላል። በኋላ ትምህርት የሚከብደውና ጠባዩ የሚያስቸግር ልጅ፣ ጉዳቱ በማሕፀን ሳለ የጀመረበት ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ እናቶች፣ «ጠላ እኮ ምግብ ነው፤ ትንሽ ብቻ ነው የምጠጣው» ይላሉ። በእርግዝና ጊዜ ግን «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጐዳም» ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። ለሌላውም ሰው ቢሆን የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. እንደ ገለጸው ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። አልኮል ጉበትን ያበላሻል፤ የደም ግፊትን ያስነሣል፤ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበትና የጡት ነቀርሳን ያመጣል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢጠጣ ጉበቱ በሁለት በኩል ይጐዳል።

ለሕፃናት የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ የከፋ ነው። አልኮል በትንሽ ልጅ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርደዋል፤ ልጁ ሊፈዝ፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ሕጉም ቢሆን፣ ማለት አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ታዲያ ለሰው ልጅ መሸጥ የተከለከለውን ለገዛ ልጃችን በጣሳ መስጠት ይገባናል?

ጣፋጭ መጠጥስ?

ብዙ ሰው፣ «አልኮል ከከለከላችሁን ለስላሳ እንጠጣ» ይለናል። አራስ ለመጠየቅም ለስላሳና ማልት ይዞ መሄድ ልማድ ሆኗል። ነገር ግን 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ውስጥ ያለው ስኳር ከ30 ግራም ይበልጣል። ይኸውም ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ስምንት ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው ብናይ አንገረምም? የዓለም የጤና ድርጅት ግን አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ስኳር ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ እንደሚሻል ይመክራል። ለልጅ ደግሞ ከዚህ ያንሳል።

ጣፋጭ መጠጥ ጥርስን ያበሰብሳል፤ ያለ ልክ ያወፍራል፤ ውሎ አድሮም ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። ሆድን ስለሚሞላም ልጁ እንጀራውንና ወጡን አልበላም ይላል። ከሁሉ ይልቅ የሚከተሉትን ሁለት ነገሮች አስተውሉ፦

1ኛ. ለተወለደ ሕፃን የስኳር ውሃ አትስጡ። የመጀመሪያው ምግቡ እንገሩ ነው። እስከ 6 ወር ድረስም የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም።

2ኛ. ልጅ ሲያስቀምጠው ለስላሳ አትስጡት፤ ስኳሩ ከሰውነቱ ውሃ ስቦ ተቅማጡን ያብስበታል። ከጤና ጣቢያ ኦ.አር.ኤስ. ተቀብላችሁ፣ በፓኬቱ ላይ እንደ ታዘዘው በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡት።

ታዲያ ምን እንጠጣ?

አያቶቻችን ከወንዝ ውሃ ይልቅ ጠላን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የወንዙ ውሃ በሽታ እንደሚያመጣ አይተዋል። ዛሬ ግን ውሃውን ራሱን ማንጻት እንችላለን። ውሃውን አፍሉት። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ አገር፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቈይ። ከዚያም በታጠበ እንስራ ወይም ጀሪካን ክዳኑን ዘግታችሁ አስቀምጡት። እጀታ ባለው መቅጃ ቅዱ እንጂ ኩባያውን ከነእጃችሁ አትንከሩ። ማገዶ ያነሳት እናት እንደ ውሃ አጋር ያለውን የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ትጠቀም።

ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የፈላ ወተትና ስኳር ያልበዛበት አጥሚት መልካም ነው። ለእንግዳም ቢሆን ተልባ ወይም ሱፍ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማቅረብ ያስመሰግናል እንጂ አያሳፍርም።

ጠምቀው ለሚያድሩ እናቶች

1ኛ. ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት አትቅመስ፤ ሌላ ዐዋቂ ሰው ይቅመስላት።

2ኛ. ቅራሪም ቢሆን አልኮል አለበትና ለልጅ አይሰጥ።

3ኛ. አረቄን በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። አረቄና ውሃ በመልክ አይለዩም፤ የጠማው ልጅ አንሥቶ ይጠጣዋል። ከፍ ካለ ቦታ ቈልፋችሁ አኑሩት።

4ኛ. ምንጩ የማይታወቅ አረቄ ገዝታችሁ አትቀላቅሉ። ሜታኖል የሚባል መርዝ ያለበት እንደ ሆነ ዓይን ያጠፋል፤ ይገድላልም። ጠጥቶ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ሰው፣ ልጅም ይሁን ዐዋቂ፣ «ይተኛና ይለፍለት» ሳይባል ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አባቶችም ስሙ። ሚስት ነፍሰ ጡር ስትሆን ባል አብሯት ቢተው ለእርሷ ይቀላታል። ለአንድ ሳምንት ለመጠጥ ያወጣችሁትን ገንዘብ ቈጥራችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ስንት እንቍላልና ስንት ሊትር ወተት እንደሚገዛም በገዛ እጃችሁ አስሉ። ከእኛ ምክር ይልቅ ያ ሒሳብ ያስተምራል። መጠጡን ለመተው የሚቸገር ሰው ቢኖር፣ በተለይም በየቀኑ ብዙ የሚጠጣና ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብቻውን በአንድ ጊዜ ከማቆም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመከር። ይህ ሕመም እንጂ ነውር አይደለም።

በሦስተኛው ጊዜ ወደዚያች እናት ቤት ስንሄድ ጋኑ ከቦታው አልተነሣም ነበር። ከአጠገቡ ግን ክዳን ያለው እንስራና ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ ተቀምጧል። «ጋኑ ለእንግዳ ነው፤ እንስራው ለእኔና ለልጆቼ» አለችን። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አንልም፤ ኪራዩም ሐሳቡም አልቀረም። ነገር ግን በማሕፀኗ ያለውና በጥግ የተቀመጠው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንድ ትልቅ ጉዳት ተጠበቁ።

ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ይባላልና፣ እናንተም ዛሬ ከእንስራው ጀምሩ። ያልገባችሁ ነገር ቢኖር በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም ይችን ጽሑፍ አንብቡላቸው።