በቤት ለሚማሩ ልጆች የመዠመሪያውን የትምርት ቀን ስለ ማክበር



የአገራችን ሰው የትምርትን ፍጻሜ ማክበር ያውቃል። ልጅ ፊደል ቈጥሮ፥ አቡጊዳን አልፎ፥ መልእክትና ወንጌል አንብቦ፥ ዳዊትን በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው ዘመድ ጠርተው መምህሩን ማመስገናቸው የቈየ ልማድ ነው። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በመዠመሪያው ቀን ለልጁ ምን እናደርግለታለን? ብዙ ጊዜ ምንም አናደርግለትም። ከጨዋታው ጠርተን እናስቀምጠዋለን፤ ፊደሉን እናሳየዋለን፤ ሲሳሳትም እንቈጣዋለን። ጅማሬው የመረረው ልጅ ግን ከመንገድ ይቀርና የፍጻሜውን ድግስ ሳያይ ይኖራል።

ይህን የምጽፍላችሁ ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። የበኵር ልጄን በቤቴ ማስተማር በዠመርሁበት ቀን ማለዳ ቀስቅሼ አስቀመጥኋት፤ እስከ ቀትርም አላስነሣኋት። እርስዋም «ሀ»ን፥ «ሐ»ን፥ «ኀ»ን አይታ፥ «አባባ፥ ድምፃቸው አንድ ከኾነ ስለ ምን ሦስት ኾኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መቀለድዋ መስሎኝ ተቈጣኋት፤ አለቀሰችም። ከዚያ ወዲያ የፊደሉን ገበታ ባነሣሁ ቍጥር ከእናትዋ ቀሚስ ኋላ ትሸሸግ ነበር። ባለቤቴም አንድ ቀን፥ «ልጅቱ የፈራችው ፊደሉን አይደለም፤ እርስዎን ነው» አለችኝ። እውነትዋን ነበር። የልጅቱም ጥያቄ ብልህ ጥያቄ ነበር፤ እነዚህ ሦስቱ ፊደሎች በጥንት ግእዝ ድምፃቸው የተለያየ ሲኾን በአማርኛ አንድ ኾነዋልና። መልሱን ልነግራት ሲገባኝ በቍጣ ዘጋኋት። ያን የአንድ ቀን ስሕተት ለማቅናት ብዙ ወራት ፈጀብኝ።

እንግዲህ የመዠመሪያው ቀን ሥራ አንድ ብቻ መኾኑን ልብ አድርጉ፤ ይኸውም ልጁ በማግሥቱ ወዶ ተመልሶ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ይህን ሌሎች ሕዝቦችም አስተውለውታል። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በጀርመንና በፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ፥ ልጁን በመጐናጸፊያ ሸፍነው ወደ መምህሩ ይወስዱት ነበር፤ በዚያም ፊደል በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ማር ተቀብቶ ልጁ በምላሱ ይልሰው ነበር። ጀርመኖችም ከ19ኛው መቶ ዓመት ዠምረው፥ ትምርት ቤት ለሚገባ ልጅ እንደ ቀንድ በተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ጣፋጭ ነገርና የመጻፊያ ዕቃ ሞልተው ይሰጡታል።

በቤት ለሚማር ልጅ ግን ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ወደ ትምርት ቤት የሚሄድ ልጅ መንገድ ይሻገራል፥ በር ያልፋል፥ ደወል ይሰማል፤ አዲስ ነገር እንደ ተዠመረ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በቤት የሚማረው ልጅ ግን ከመኝታው ተነሥቶ በበላበት ስፍራ ይቀመጣል። የሚሻገረው ደፍ የለውም። ስለዚህ ደፉን ወላጆቹ ሊሠሩለት ይገባል። እንዲህም አድርጉ፤

1ኛ፤ ቀኑን አስቀድማችሁ ቍረጡ። በአገራችን ዝናሙ አባርቶ አደይ አበባ የሚፈነዳበት መስከረም የተመቸ ነው። ነገር ግን መስከረም 1 ቀን የእንቍጣጣሽ በዓል ነውና ለዘመድና ለጨዋታ ተዉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ምረጡ። ለልጁም ከሳምንት በፊት ንገሩት፥ ቀኑንም እየቈጠረ ይጠብቅ። በባዕድ አገር ያላችሁ ግን አስቀድማችሁ የአገሩን ሕግ መርምሩ። በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ተፈቅዷል፤ ደንቡ ግን በየግዛቱ ይለያያል። በጀርመን ግን ልጅን ከትምርት ቤት አስቀርቶ በቤት ብቻ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነው። ልጆቻችሁ በአገሩ ትምርት ቤት የሚማሩ ኾነው በቤት አማርኛ ብቻ ብታስተምሩአቸውም ይህ ምክር ያገለግላችኋል።

2ኛ፤ ስፍራውን ለዩ። ብርሃን የሚገባበት አንድ ማዕዘን ይበቃል። ጥረጉት፥ ቄጠማ ጐዝጕዙበት፥ አበባ አኑሩበት። የልጁን ስም በአዲሱ ደብተር ላይ ጻፉለት። ልጁም ታጥቦ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይምጣ።

3ኛ፤ ምርቃት ይቀበል። ቡና ይፈላ፥ ዳቦ ይቈረስ፤ አያት ወይም ሌላ ሽማግሌ ቢኖር ልጁን ይመርቀው። አያቶቹ በሩቅ አገር ቢኾኑ በስልክ ይመርቁት። ልጅ በሽማግሌ አፍ የተመረቀበትን ቀን አይረሳውም።

4ኛ፤ ትምርቱን አሳንሱ። ፊደላችን 33 ሲኾን እያንዳንዱ በ7 ድምፅ ሲባዛ 231 ይኾናል፤ ይህን ኹሉ በአንድ ጧት ማፍሰስ አይገባም። የስሙን መዠመሪያ ፊደል ብቻ አሳዩት፤ በጣቱ ይከተለው፥ በእርሳስም ይጻፈው። ከዚያ በኋላ አንድ ተረት አንብቡለትና ገና ሳይጠግብ አቁሙ። ከፍ ላለው ልጅ ደግሞ ቁመቱን በመቃን ላይ ምልክት አድርጉ፤ በዚህ ዓመት ሊያውቅ የሚወደውንም ነገር በወረቀት ጽፎ ያኑር፥ በዓመቱም መጨረሻ ከፍታችሁ አንብቡት።

5ኛ፤ ከዐቅማችሁ አትለፉ። አንድ እርሳስና አንድ ጕርሻ ማር ይበቃል። ስጦታ ቢበዛ ልጁ ትምርትን ሳይኾን ስጦታውን ይጠብቃል።

ከኹሉም በላይ ኹለተኛውን ቀን አስቡ። የመዠመሪያውን ቀን አሳምሮ በማግሥቱ ዱላ የሚያነሣ ወላጅ ልጁን በማር አታለለው እንጂ አላስተማረውም። በመዠመሪያው ቀን የሰጣችሁትን ፊት በሠላሳኛውም ቀን ስጡት።

ታናሹ ልጄ ለመማር በደረሰ ጊዜ እኔ ፈንታዬን ለእኅቱ ለቀቅሁ። ጣቱን ይዛ በስሙ መዠመሪያ ፊደል ላይ አስኬደችው። እርሱም ስለ ፊደሎቹ በጠየቃት ጊዜ ወደ እኔ ዞራ ሳቀችና፥ «ይህን አባባ ይንገርህ» አለችው። እኔም ነገርሁት።

ጥያቄ፤ 1ኛ፥ በቤት ለሚማር ልጅ ደፉ ምንድር ነው? 2ኛ፥ ልጃችሁ በመዠመሪያው ቀን ለጠየቃችሁ ጥያቄ ምን መለሳችሁ? 3ኛ፥ በማግሥቱ ወዶ ተመልሶ ይቀመጣልን?