ልትዘፍኚ ለተነሳሽው ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ለቡ ሙዚቃ ሰፈር ድረስ መጥተሽ በስልክሽ ያሰማሽኝን ነጠላ ዜማ ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፅሽ መልካም ነው፤ ቸልተኝነትሽም ከድምፅሽ አይተናነስም። «ጋሼ፣ ምን ይጎድለዋል?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። በአፍ የነገርኩሽ ሁሉ የጀሞ ታክሲ እስክትሳፈሪ ብቻ እንደሚቆይ ስለማውቅ ነው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ቤዝ ጊታር ይዤ ከዘፋኝ ጀርባ የቆምኩ ሰው ነኝ። ዘፋኝ በፊቱ ሊያታልል ይችላል፤ ጀርባው ግን አይዋሽም።

1. ያልገባሽን ግጥም አትዝፈኚ። ግጥሙ ያልገባው ዘፋኝ ከኋላ ሲያዩት ያስታውቃል፤ የሚተነፍሰው ሐሳቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ሳይሆን ሳንባው ባዶ የቀረበት ቦታ ላይ ነው። ስንኙ ሰምና ወርቅ ካለው ጉዳቱ ይብሳል። ኅብሩ ያለበትን ቃል መሐሉ ላይ ቆርጠሽ ከተነፈስሽ ወርቁ እዚያው ወድቆ ይቀራል፤ አድማጭሽ ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዜማውን ከማጥናትሽ በፊት ግጥሙን ለሰው እንደምታወሪ አድርገሽ፣ ያለ ዜማ በዪው። ገጣሚው ካለ ለእሱ፣ ከሌለ ለእናትሽ። እናትሽ «ማንን ነው እንዲህ የምትዪው?» ብላ ከደነገጠች ገብቶሻል ማለት ነው። «ስሜት ጨምሪበት» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ዓይን ጨፍኖ ማይክ መጭመቅ ስሜት ይመስላቸዋል። ስሜት የሚሉትን ማወቅ ነው። ያልኖርሽውን ሁሉ አትዝፈኚ ማለቴም አይደለም፤ ስለ ስደት ለመዝፈን መሰደድ የለብሽም። ግን ዐረብ አገር ኖራ የተመለሰች አንዲት የሰፈርሽን ልጅ ቡና አፍልተሽ ሳትጠይቂ «ስደት» የሚለውን ቃል ማይክ ላይ አታውጪ።

2. ቅኝትሽን ሳታውቂ ስቱዲዮ አትግቢ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን መጽሐፍ ሳታዪ፣ በጆሮሽ ብቻ መለየት አለብሽ። ነጠላሽን የቀዳሽበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የሰቀለው ልጅ ጎበዝ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ድምፅሽ ሲንሸራተት ባየ ቁጥር አውቶቱን የሚባለውን የድምፅ ማረሚያ ይጭንበታል። አውቶቱን የሚሠራው በፒያኖ ቁልፎች ልክ ነው፤ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ከፍሎ፣ ድምፅሽ በሁለት ቁልፍ መሐል ሲያርፍ ወደሚቀርበው ይጎትተዋል። አንቺሆዬ ውስጥ ደግሞ ማሲንቆ የሚነካቸው፣ ፒያኖ ላይ ግን ቦታ የሌላቸው ድምፆች አሉ። ማሽኑ እነሱን ስህተት ብሎ ያርማቸዋል። አያትሽ ሰምተው ያለቀሱበትን ነገር «አስተካከልኩት» ይልሻል።

ይህን ያልኩት ማሽን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ሳክስፎንም የኛ አልነበረም። ጌታቸው መኩሪያ ግን ሽለላውንና ፉከራውን ወስዶ በሳክስፎን ሲነፋው መሣሪያው አማርኛ ተናገረ። ጌታቸው ወደ ፈረንጅ ጨዋታ አልሄደም፤ ፈረንጆቹ ወደ እሱ መጡ። የሆላንዱ ዘ ኤክስ የተባለው የፐንክ ባንድ ከእሱ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያወጣ ሰውዬው በሽምግልና ዕድሜ ላይ ነበር፤ ጊታር እንደ መጋዝ የሚያስጮኹት ወጣቶች የፎካሪውን ትንፋሽ እየተከተሉ ነው የተጫወቱት። ያን ያደረገለት የሚፎክርበትን ዜማ ከመሣሪያው በፊት ማወቁ ነው። አንቺም መጀመሪያ ቅኝቱ ይኑርሽ፤ ከዚያ አውቶቱንም ሲንቴሳይዘርም እንደፈለግሽ አድርጊው።

3. ገበያው ተቀየረ ብለሽ አታልቅሺ፤ ተቀይሮ የማያውቅበት ዘመን የለም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ነበር፤ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ህንድ አገር ልኮ አሳተመ። ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ ካወጣ በኋላ አብዮቱ መጣና አሜሪካ ገባ። ቀጥሎ ካሴት ነገሠ። ካሴት ርካሽ በመሆኑ ዘፈን ከከተማ ወጥቶ ገጠር ገባ፤ በዚያው ልክ ኮፒ አድራጊው በዛ። ሲዲ ብዙም ሳይጫወት ፍላሽ በላው። አሁን ሁሉም ስልክሽ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ «ሙዚቃ ሞተ» የሚል ሰው ሰምቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሞተው የተናጋሪው ሱቅ ነበር።

ከዚህ የምትማሪው አንድ ነገር አለ፤ መያዣው ሲቀየር የዘፈኑም ቅርጽ ይቀየራል። ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ግድም ነበር፤ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የሚሉት ዘፈን አጭር የሆነው በጥበብ ብቻ አይደለም፤ ቦታም ስላልነበረው ነው። ካሴት 60 ደቂቃ ሲሰጠን ያን ሁሉ መሙላት ግዴታ መሰለን፤ ሁለት ዘፈንና ስምንት መሙያ ይዞ የወጣ አልበም ስንቱ ነው! ስም አልጠራም። ስፖቲፋይ ደግሞ 30 ሰከንድ ያልተሰማን ዘፈን አይቆጥርም፤ በዚህ ምክንያት «መግቢያውን ቁረጪ፣ አዝማቹን አስቀድሚ» ይሉሻል። እኔ ባልወደውም፣ ቁረጪ። የ45 ሸክላም እኛን ቆርጦናል። ቲክቶክ ላይ የምትለቀቀዋን 15 ሰከንድ ብቻ አሳምሮ የቀረውን በልምድ መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ የካሴቱ ዘመን መሙያ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

4. ሳታነቢ አትፈርሚ። ውል እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ሻይ ተጋብዘሽ፣ «ልጃችን ነሽ» ተብለሽ ነው የምትፈርሚው። በካሴቱ ዘመን ዘፋኝ አንድ ጊዜ ጥቅል ብር ተቀብሎ ይወጣል፤ ካሴቱ ስንት እንደተሸጠ የሚያውቀው ሙዚቃ ቤቱ ብቻ ነው። አንዱን የማውቀውን ድምፃዊ ዘፈኑ በየሚኒባሱ እየተዘፈነ እሱ ለታክሲ ሳንቲም ሲበደር አይቼዋለሁ። አሁን ሕግ አለልሽ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለከዋኙና ለድምፅ ቀጂ አሳታሚውም የየራሳቸውን መብት ይሰጣል። በ2007 በአዋጅ 872 ሲሻሻል ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ተከፈተ። ሆኖም አዋጅ አንቺን ወክሎ ውል አያነብም። ወረቀቱ ላይ እነዚህን ፈልጊ፦ ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ የማን ነው? ለስንት ዓመት? ዩትዩብ ላይ የሚጫነው በማን ቻናል ነው፤ ክሌም የሚያደርገውስ ማን ነው? የጥሪ ማሳመሪያው ገቢ ለማን ይሄዳል? መልሱ «እሱን በኋላ እንነጋገራለን» ከሆነ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። የሚያኮርፉ ያኮርፉ።

ኤልያስ መልካ በየዘፋኙ አልበም ላይ ቅንብሩን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ጥሩ ቅንብር እየሠራ መኖር ይችል ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 «አውታር» የተባለውን፣ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ በስልክ የሚሸጥበትን መተግበሪያ ያቆመው ይህ የውልና የክፍያ ጉዳይ እንቅልፍ ስለነሳው ይመስለኛል። በ2012 መስከረም ላይ ሞት ቀደመው። ሥራውን ስታደንቂ ይህንንም አብረሽ አስቢ፤ ለጥበብ መታመን ሒሳብን መጥላት አይደለም።

5. የሰው ስም አትዋጪ። ቤት ውስጥ አሮጌ ካሴት ካላችሁ ልባሱን አውጥተሽ ገልብጪው። ከእያንዳንዱ ዘፈን ርዕስ ሥር፣ በዚያች ጠባብ ወረቀት ላይ፣ ዓይን በሚያጠፋ ፊደል «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እያለ የሰዎቹ ስም ተደርድሯል። ያች ወረቀት ብዙ ገጣሚ ያገኛት ብቸኛ ክብር ናት። ዛሬ ዘፈኑ ስልክ ውስጥ ሲገባ ወረቀቷ ቀረች፤ የቀረው የዘፋኙ ፎቶ ነው። ያሰማሽኝ ነጠላ ግጥሙ የማን እንደሆነ ስጠይቅሽ «አንድ ልጅ ነው» ነበር ያልሽኝ። ያ ልጅ ስም አለው። ከቪዲዮው ሥር ጻፊለት፤ መድረክ ላይም ጥሪው። ዜማውን ከወሎ ወይም ከጎጃም የሕዝብ ዜማ ከወሰድሽ ደግሞ «የሕዝብ» በዪ። አንዳንዱ የአያቶችን ዜማ ትንሽ ከበሮ ጨምሮበት «ዜማ፦ እኔ» ይላል። እረኛ ስለማይከሰው።

6. ሰርግ አትናቂ። «እኔ አርቲስት ነኝ» ብለሽ የሳሪስ አዳራሾችን የምትንቂ ከሆነ ማን ያስተምርሽ? በሰርግ ላይ ሙሽራው ጎንደሬ፣ ሙሽሪት ጉራጌ፣ ሚዜው ወለጌ ይሆናል፤ ሁሉንም ማስነሳት አለብሽ። ከባንድ ጋር መተያየትን፣ ቶን መቀየርን፣ መብራት ሲጠፋ በከበሮና በጭብጨባ መቀጠልን እዚያ ነው የምትለምጂው። ብቻ ፕሌይባክ አትልመጂ። አፍሽን እያንቀሳቀስሽ የተቀዳውን ማስጮህ በጀመርሽ በዓመቱ የጆሮሽ ጡንቻ ይዝላል።

7. ቪው አትግዢ። ይኼንን ብዙ አላብራራም። የገዛሽው ቁጥር ኮንሰርት ትኬት አይቆርጥም።

8. ሰሚ ባይኖርም እጅሽ አይፍታ። ኃይሉ መርጊያን ታውቂዋለሽ? የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር፤ ሂልተን ሲጫወቱ ከተማው ያውቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለጉብኝት አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉና አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ፣ ከበሮውን በማሽን እያስመታ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ለዓመታት ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን ያወጣና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በባትሪ ይጫወታል፤ ተራው ሲደርስ መልሶ ይከታል። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲያወሩ እሱ ይለማመዳል። ማንም አላዘዘውም፤ የሚከፍለውም አልነበረም።

ያቺን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኛትና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተማት። የዓለም መድረኮች ሲጠሩት ኃይሉ «ቆይ፣ ጣቴን ላፍታታ» ማለት አላስፈለገውም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም «ላላ በሉ»ን አወጣ። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ስለ ዕድል ነው የሚያወሩት። ዕድሉ የመጣው በ2013 ነው፤ እኔ የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው። አንቺ ነጠላሽን ከለቀቅሽ ገና ወሩ ነው፤ «ሰው አልሰማኝም» ብለሽ ክራርሽን ቁምሳጥን ላይ እንደሰቀልሽው እናትሽ ነግራኛለች። አውርጂው። ከጀሞ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ትራፊክ ሲያቆምሽ በስልክሽ የምታሳልፊውን ሰዓት ቁጠሪና ግማሹን ለአምባሰል ስጪው። የሰው ክሊፕ እያዩ መቅናት ልምምድ አይደለም።

9. ጉሮሮሽን ጠብቂ። ድምፅሽ ሲጎረንን በሹክሹክታ ላውራ አትበዪ፤ ሹክሹክታም ያደክመዋል፤ ዝም በዪ። ሞኒተሩ ሳይሰማሽ ሲቀር አትጩኺ፤ ድምፅ ባለሙያውን በእጅሽ ጠቁሚው፤ ካልገባው ዘፈኑን አቁሚና ንገሪው። ቅዳሜ ሌሊት ሰርግ ካለሽ እሑድ ጠዋት ሌላ አትያዢ። ባለፈው ሁለቱንም ይዘሽ፣ እኔ ዘንድ የመጣሽው በተሰነጠቀ ድምፅ ነው፤ ስትዘፍኚ ከላይኛው ድምፅ ላይ መድረስ አቅቶሽ ወደ ጎን ስትሸሺ ሰምቼሻለሁ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ሰርጎች የያዘልሽ ደላላ ከደወለ፣ አንዱን ለጓደኛሽ አሳልፈሽ ስጪ።