በሁለት ዜና መዋዕሎች መካከል

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ መጀመሪያ የሚደናገረው በዓመተ ምሕረት ብዛት አይደለም። እስከዚያ በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ሲመራ ኖሮ፣ ድንገት የማይስማሙ ሁለት መጻሕፍት ሲሰጡት ነው። የዛሬው ትምህርት በዚህ ላይ ነው፤ ለምሳሌም የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን እንውሰድ።

የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል በአማርኛ ከጻፉት መካከል ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ይገኛሉ። ዘነብን ስናነብ አገር የሚያቀና ንጉሥ እናገኛለን። ወልደ ማርያም ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ሕዝብ የሚያስለቅስ ጨካኝ ይገጥመናል። አዲሱ ተማሪ ወዲያው «የዋሸው የትኛው ነው?» ይላል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ቀድመውት መጠየቅ ያለባቸው ግን አሉ።

ጸሐፊው ትረካውን የት ላይ አቆመ? ዘነብ ያቆሙት በዘመነ መንግሥቱ አጋማሽ ገደማ ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በንጉሡ ትእዛዝ ስትዘረፍና ስትቃጠል የእሳቸው ትረካ ካበቃበት ጊዜ ብዙ ርቀናል። ወልደ ማርያም ግን የጻፉት ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ካጠፉ ከዓመታት በኋላ ነው። ፍጻሜውን የሚያውቅ ሰው ጅማሬውንም በፍጻሜው መነጽር ያየዋል። እንግዲህ ፍቅርና ጥላቻ ብቻ ያመጣው የመሰለን ልዩነት፣ ከፊሉ የጊዜ ልዩነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ቀጥሎ፣ በዚያ ዘመን መጻፍ የሚያውቀው ማን ነበር? በአብዛኛው ካህኑና ደብተራው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ለየቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት ቀሳውስትና ለሦስት ዲያቆናት የሚበቃ መሬት ብቻ ትተው የቀረው ለገበሬ ተሰጥቶ እንዲገብር ወስነው ነበር። መሬቱ የተወሰደበትና ብዕሩን የያዘው አንድ ወገን መሆኑን ሳያስታውሱ የዘመኑን ጽሑፍ ማንበብ አይቻልም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚመጣ አንድ በሽታ አለና። ተማሪው ጸሐፊ ሁሉ እንደሚያዳላ ይማርና «እንግዲያው ማንንም አላምንም» ብሎ ያርፋል። ማዳላት ግን ከመዋሸት ይለያል። የተቀየመ ካህንም ያየውን እሳት በትክክል ሊመዘግብ ይችላል። የጎንደርን መቃጠል በመቅደላ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክም ከተፈታ በኋላ ለአገሩ አንባቢ ጽፎታል። ብላንክም የራሱ ቂም አለው፤ ቂሙ ግን የካህናቱ ቂም አይደለም። በልዩ ልዩ ምክንያት የሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ሲገናኙ ያ ነገር ክብደት ያገኛል። የአንድምታ መምህር የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜዎች «አንድም» እያለ ጎን ለጎን ያኖራቸዋል፤ የታሪክ ተማሪ ግን ደርድሮ መሄድ አይፈቀድለትም። መመዘን፣ የመዘነበትንም ምክንያት መጻፍ አለበት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ ጸሐፊ እንዳያዳላ አጥብቀው ያስተማሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ እኔ ግን ጨርሶ የማያዳላ ሰው ከመፈለግ ይልቅ አድልዎው ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ሌላው ጥያቄ፣ ጽሑፉ ሳያስበው የነገረን ምንድን ነው የሚለው ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። ተራኪው የሚያደንቀው መድፉን ነው። ተማሪው ግን መንገዱን ማን ጠረገ፣ የሠራዊቱስ ስንቅ ከማን ጎተራ ወጣ ብሎ ይጠይቃል። ጎተራው የተከፈተበት ገበሬ አንድ መስመር አልጻፈም።

የእንዲህ ያሉ ሰዎችን ታሪክ ፍለጋ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ገጠር እየወረዱ ሽማግሌ ሲጠይቁ ኖረዋል። የብዙዎቹ ሥራ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እናንተም ተራችሁ ሲደርስ፣ ሽማግሌውን «ምን ሆነ?» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ለእርስዎ ማን ነገረዎት?» በሉ። «አያቴ» ካሉ፣ አያትየው ለማን ይገብሩ እንደነበር፣ ርስታቸው የት እንደነበረ፣ ወሬውንም በስንት ዓመታቸው እንደተናገሩት ጠይቃችሁ ከትረካው በላይ መዝግቡ።